ደጁን ይጠብቅ፤ ይገባል

ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ፣ ባጃጁ ትንፋሽ አጥሮት ተሳፋሪውን አውርዶ በሚመለስበት ዳገት ራስ ላይ፣ ወይራ አምባ ሚካኤል የሚባል ደብር አለ። ቅጽሩ በድንጋይ የታጠረ ነው። ደጁም በኖራ የተገነባ፣ ከላዩ አንዲት ጠባብ ሰገነት ያለችው፣ ሰው ሁሉ ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚያልፍበት የጥንት ደጅ ነበር። ከደጁ በስተግራ ባለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሚልኪያስ የሚባል ዘበኛ ተቀምጦ ይውላል።

አገሬው ሚልኪያስን ያከብረዋል እንጂ አይመረምረውም። ከደጁ እንደማይርቅ፣ በደጁም ወደ ውስጥ እንደማይዘልቅ ያውቃል። ቅዳሴ ሲቀደስ ከውጭ ቆሞ ይሰማል፤ «እትዉ በሰላም» ሲባል ከውጭ ይሰግዳል። ከቅጽር ውጭ ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው በዚህ አገር ብዙ ነው፤ ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለውና «ያንተስ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዕድሜው ሃምሳ ቢሆነው ነው ይባላል። ሽማግሌዎቹ ግን፣ «አባቱንም እናውቅ ነበር፤ እርሱም ሚልኪያስ ነበር፤ ቁርጥ አባቱን» ይላሉ። የሽማግሌዎቹም አባቶች ይህንኑ ይሉ እንደ ነበር ልብ ያለ ሰው የለም።

እውነቱ፣ ልጁም አባቱም ቅድመ አያቱም እርሱው ራሱ መሆኑ ነው። ሚልኪያስ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል። እንዲህ አድርጎ ያኖረውም ደም ነው፤ ያውም የሰው ደም።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን የአንድ ደጃዝማች ጋሻ ጃግሬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ታማኝ ሰው ነበር። ክፋቱም የመጣበት በዚያው በታማኝነቱ በኩል ነው። ጌታው «ዝመት» ሲለው ይዘምታል፤ «አቃጥል» ሲለው የማን ቤት እንደ ሆነ አይጠይቅም። አንድ ጊዜ ከድል በኋላ ጌታው በድንኳኑ ግብር አግብቶ፣ የተማረከውን የባላንጣውን ደም በዋንጫ አስቀድቶ፣ «የሚወደኝ ይህን ይጠጣ» አለ። ሌላው መኳንንት ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሚልኪያስ ተነሥቶ ጠጣ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሞት ስሙን ረሳው፤ ጥም ግን አልረሳውም። እህል አልጣፍጥ አለው፤ ውኃ አላረካው አለ። ፀሐይ ታደክመዋለች፤ ቁስል ግን አይይዘውም፤ ቢወጉትም አይደማም። ያ ያጠጣው ጌታው ከዚያ በሰባተኛው ዓመት በፈንጣጣ ሞቶ ተቀበረ። ሚልኪያስ ግን አርባ ዓመት ሙሉ በየበረሃው በመንገደኛ ላይ ሲያደባ ኖረና በመጨረሻ ወይራ አምባ ደረሰ።

የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ዘወንጌል የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ። ብቻቸውን ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ አገኛቸው። ሊጥላቸው ቀረበ። መነኩሴው መጽሐፉን ሳያጥፉ ቀና ብለው አዩት።

«ጌታህ ማን ነው?» አሉት።

«ሞቷል።»

«እንግዲያ ለማን አድረሃል?»

ሚልኪያስ የዘረጋውን እጁን መለሰ። አርባ ዓመት ሙሉ እንደዚህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ለዚህ ደጅ እደር» አሉት።

አደረ። ያን ሁሉ ዘመን ሲፈልግ የኖረው የሚያዝዘውን ሰው እንደ ነበረ የገባው ያን ጊዜ ነው። አባ ዘወንጌል የሰው ደም እንዳይቀምስ ገዘቱት። ከቅጽሩ ውስጥ የሚፈልቀው ጸበል በግንቡ ሥር በተቦረቦረች ድንጋይ በኩል ወደ ውጭ ይወጣ ነበርና ያን እንዲጠጣ ፈቀዱለት። ጸበሉ ጥሙን አላጠፋውም፤ አስታገሠው እንጂ። ከዚያም እርሳቸው ከደጁ ደፍ ወዲያ፣ እርሱ ከደፉ ወዲህ እየተቀመጡ ፊደል አስቈጠሩት።

በሰባተኛው ዓመት አባ ዘወንጌል ታመው አልጋ ያዙ። አንድ ቀን ጀንበር ስትጠልቅ አንድ ዲያቆን ወጥቶ ከመዳፍ የማትበልጥ ብራና ሰጠው። «አባታችን አረፉ። ይህችን ላንተ ጽፈዋል» አለው። ሚልኪያስ ጧፍ አብርቶ አነበበ። ለወታደር ግዕዝ እንዳይከብደው ብለው በአማርኛ ነበር የጻፉት፤

ሚልኪያስ ደጁን ይጠብቅ። ይገባል።

ከጧፉ አንዲት ጠብታ ሰም ብራናዋ ላይ ወደቀች። አልጠረጋትም። ደጁን መጠበቁ ተገቢ ነው ማለታቸው እንደ ሆነ አሰበ። እንደ እኔ ላለ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይገባዋል ብሎ ፍርዱን ተቀበለ። ብራናዋን በቆዳ ሰፍቶ ካንገቱ አሰራት፤ ከዚያ ወዲህ ፈትቷት አያውቅም። በደብሩ የተሾመ መምህር ሁሉ ምሥጢሩን ከሚልኪያስ አፍ እየተቀበለ አለፈ። ቃሉን ሚልኪያስ ይለዋል፤ መምህሩ ይሰማዋል። ብራናዋን ያየ ግን አልነበረም።

እንዲህ እየሆነ እስከ ዘንድሮ ኅዳር ደረሰ።

ለኅዳር ሚካኤል በዓል አሥር ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር እንዳልካቸው በሞተር ብስክሌት መጣ። በከተማው የታወቀ ግንበኛ ነው። ሜትሩን ዘርግቶ ደጁን ይለካ ጀመር። ከመንገዱ ማዶ ጧፍ የምትሸጠው ፍቅርተ አየችው።

«ምን ልትለካ ነው? የአያ ሚልኪያስን ቁመት?»

«ደጁን ነው፣ እቴ ፍቅርተ።»

«ደጁማ ካምናው አላደገም።»

«አላደገም፤ ተሰነጠቀ እንጂ። ነይ እዪው።» ጣቶቹን ከስንጥቁ አገባቸው፤ እስከ ሥራቸው ገቡ። «ክረምቱ ነው የጨረሰው። ለሚካኤል ያ ሁሉ ሕዝብ በዚህ ሥር ሲያልፍ ቢናድ ማን ሊጠየቅ ነው? ጉባኤው ወስኗል። ሐሙስ ጠዋት እናፈርሰዋለን። ለበዓሉ ክፍቱን ይውላል፤ ከበዓሉ በኋላ ሰፋ አድርገን በብረት እንሠራዋለን።»

ሚልኪያስ ከድንጋዩ ተነሣ። «ጌታው እንዳልካቸው፣ ደጁ ከፈረሰ ደጅ ጠባቂው ምን ይሆናል?»

«አያ ሚልኪያስ፣ እርስዎንማ የት እንለቅዎታለን። በቆርቆሮ የምታምር የዘበኛ ቤት እንሠራልዎታለን። አምፖልም እናስገባባታለን።»

ሚልኪያስ በቀድሞው የቤተ መንግሥት ወግ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ፍቅርተ ሳቀች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ የሚሉት ቤት ስለ ሰጡዎ ነው፣ ቤት ስላፈረሱብዎ?»

«ስለ ሁለቱም ነው፣ እመት ፍቅርተ።»

«እመት ይሉኛል እኮ። የጧፍ ነጋዴ ነኝ።»

እንዳልካቸው ሞተሩን አስነሥቶ ወረደ። ሚልኪያስ ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ግዝቱ የተሰጠው በደጁ ነው፤ ትእዛዙም በደጁ ነው። ደጁ ከሌለ እርሱን የሚይዘው ምን ቀረ? ይህን እያሰበ ሳለ ብዙ ዘመን ያልሰማውን ነገር ሰማ። ፍቅርተ ጎንበስ ብላ ጧፏን ወደ ቅርጫቷ ትመልስ ነበር፤ የአንገቷ የደም ሥር ሲመታ ከመንገዱ ማዶ ተሰማው። ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀ። የተቀመጠበትን ድንጋይ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እርሷ ቅርጫቷን ተሸክማ እስክትርቅ ድረስ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

ነገሩ ግልጽ ሆነለት። ሐሙስ ደጁ ሲፈርስ የቀድሞው ሚልኪያስ ይነሣል። መጀመሪያ የሚያገኘውም «አያ» እያለች የምትቀልድበትን ይህችን ሴት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ጸሎተ ኪዳኑ እንዳበቃ የኔታ ገሰሰ በትራቸውን ይዘው ወጡ። ቅስናውንም መምህርነቱንም አስተባብረው የያዙ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው አባት ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ የዓይን ሞራ ጋርዷቸው፣ ቅዳሴውን በቃላቸው ሲቀድሱ፣ ተማሪዎቻቸውን በድምፅ ሲለዩ ኖረዋል። በጥቅምት ደብረ ታቦር ወርደው ሞራው ተገፈፈላቸው። ከዚያ ወዲህ ፊደል ያለበትን ነገር ሁሉ ማንበብ ሥራቸው ሆኗል፤ የመድኃኒት ብልቃጥ አይቀራቸውም፤ የሲሚንቶ ከረጢት አይቀራቸውም።

«ትናንት ከባጃጅ ጀርባ ምን ተጽፎ እንዳየሁ ያውቃሉ?» አሉና ከሚልኪያስ አጠገብ ተቀመጡ። ሰው ፊት እንደ ዘበኛ «አንተ» ቢሉትም፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ስለ ዕድሜው «አንቱ» ነው የሚሉት። «'ምን ታየኛለህ? ሥራ የለህም?' ይላል። ስድስት ዓመት ሳላይ ኖሬ፣ ዛሬ ማየት ብጀምር ይሰድበኛል።»

ሚልኪያስ አልሳቀም። «የኔታ፣ የምለምንዎ ነገር አለ። ሐሙስ ደጁ ይፈርሳል። የያዘኝ ደጁ ነው። ከሐሙስ በኋላ ምን እንደምሆን እርስዎም ያውቃሉ። ጉና ላይ አንዲት ዋሻ አለች። ዛሬ ልሂድና ልግባባት፤ እርስዎ ሰው ይዘው መጥተው አፏን በድንጋይ ይድፈኑልኝ።»

የኔታ በትራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «አንቱ እኮ አይሞቱም።»

«አልሞትም። ሰው ግን አላገኝም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ምጽአት። ምን ክፋት አለው? አባ ዘወንጌልም ይገባል ብለው ጽፈውልኛል።»

የኔታ ካንገቱ የተንጠለጠለውን ቆዳ አዩ። ቃሉን ከአፉ ሲሰሙት ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ዛሬ ግን ዓይን ያለው ሰው ናቸው።

«ያችን ብራና ያሳዩኝ።»

«ማንም አይቷት አያውቅም፣ የኔታ።»

«ሞራዬ ከተገፈፈ ወዲህ በዚህ ደብር ያላነበብኩት የእርስዎን አንገት ብቻ ነው። ይፍቱልኝ።»

ሚልኪያስ ከመምህር ቃል ወጥቶ አያውቅም። ማተቡን ፈታ፤ የደረቀውን ቆዳ በሰንጢ ቀደደ። ብራናዋ እንደ ሽንብራ ቆሎ ቀለም ቢጫ ሆናለች፤ ጽሕፈቱ ግን አልጠፋም። የኔታ ወደ ፀሐይ ዞረው፣ ከዓይናቸው አርቀው፣ ደግሞ አቅርበው አዩዋት።

«ይህች ጥቁር ነገር ምንድን ናት?»

«ሰም ናት። የተሰጠችኝ ዕለት ከጧፌ የወደቀች።»

«ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ አላነሡአትም?»

«በእርሳቸው ጽሕፈት ላይ ጥፍሬን ለማሳረፍ አልደፈርኩም።»

የኔታ እፍ እፍ ብለው በትንፋሻቸው አሞቋት። ከዚያም በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከዳር ገባ አድርገው ቀስ ብለው አነሡአት። ሰሟ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተላቃ ወደቀች።

«ከ'ገ' ራስ ላይ የሆነ ነገር አለ።»

«ነጥብ ነው። ሰሙ ከመውደቁ በፊት አይቼዋለሁ። እጃቸው ደክሞ ብዕሩ ያመለጣቸው ነው።»

«ነጥብ አይደለም» አሉ የኔታ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «'ላ' ናት።»

የንባብ መምህራን፣ አንድ ቃል ሁለት ዓይነት ሊነበብ የሚችል ሲሆን፣ ከፊደሉ ራስ ላይ ምልክት ያኖራሉ፤ ይጥበቅ ለማለት 'ጥ'ን፣ ይላላ ለማለት 'ላ'ን። የፊደሉ መልክ አንድ ሆኖ ድምፁ ሁለት ነውና፣ አለዚያ አንባቢው ይስታል።

«አንብበው» አሉ የኔታ። «አንቱ» ማለቱን ረስተውት ነበር፤ ከፊታቸው የተቀመጠው ዘበኛም ሽማግሌም አልነበረም፤ ተማሪ ነበር።

«ሚልኪያስ ደጁን ይጠብቅ። ይገባል» አለ፣ 'ገ'ንም 'ባ'ንም እንደ ልማዱ አጥብቆ።

«ማን ነው ያስነበበህ?»

«እኔው ራሴ ነኝ።»

«እኔው ራሴ ይላል። ራሱ አንብቦ፣ ራሱ ተርጉሞ፣ ራሱ ፈርዶ። 'ላ' ከተጻፈበት ላይ ማን አጥብቅ አለህ? ገበሬ እርሻውን ሲጨርስ ወደ ቤቱ ምን ያደርጋል?»

«ይገባል።»

«ደግመህ በለው።»

«ይገባል።»

«እሱን ነው የጻፉልህ።»

ሚልኪያስ በለሆሳስ፣ የጋለ ነገር እንደሚይዝ ሰው፣ ቃሉን ያለ ምንም ጥብቀት ነካው። «ሚልኪያስ ደጁን ይጠብቅ። ይገባል።» ወደ ደጁ ዞሮ አየ። በቅስቱ በኩል የቅጽሩ ሣር፣ የወይራው ግንድ፣ የቤተ መቅደሱ ደረጃ ይታያል። ሦስት መቶ ዓመት ያየው ነገር ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ቀርቦት አያውቅም።

ደስታው ቶሎ አልመጣም፤ ቀድሞ የመጣው ቁጣ ነው። «ስለ ምን በግልጽ አልጻፉልኝም?»

«በግልጽ ጽፈውልሃል። መምህር ነበሩ፤ ደቀ መዝሙሬ ያልገባውን መምህር ይጠይቃል ብለው ነው የሞቱት። አንተ ግን ፍርድ ትጠብቅ ነበርና ፍርድ አነበብህ።» የኔታ ብራናዋን በጥንቃቄ ጉልበታቸው ላይ አኖሯት። «እኛም አልዳንም። ልጆቹን ሁሉ 'ንባብ ያለ መጽሐፍ አትቀበሉ' የምንል ሰዎች፣ ይህን ንባብ ካንተ አፍ ተቀብለን ዝም አልን። እኔ ከመምህሬ ስቀበል ብራናው የታለ አላልኩም። እርሳቸውም ከመምህራቸው አላሉም። ጥፋቱ የሁላችን ነው።»

«ብገባስ፣ የኔታ? ውስጥ ሕዝብ አለ። ትናንት የፍቅርተን የደም ሥር ከመንገድ ማዶ ሰማሁት።»

«ሰምተህስ ምን አደረግህ?»

«ድንጋዬን ጨብጬ ተቀመጥኩ።»

«እንግዲያስ የያዘህ ይህ ደጅ አይደለም። እንዳልካቸው ጣቱን የሰደደበት ግንብ ሰው ሊይዝ አይችልም። የያዘህ ቃልህ ነው፤ ቃልህን ያጸናልህም እግዚአብሔር ነው።»

የዚያን ዕለት ሚልኪያስ ኑዛዜውን ተናገረ። የኔታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከድንጋዩ አልተነሡም፤ ሁለት ጊዜም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። የተናገረው ለካህን የተነገረ ነውና እዚህ አይጻፍም። በመጨረሻ ፈትተውት በመስቀላቸው ባረኩትና፣ «ነገ በኪዳን ትገባለህ» አሉት። «ደጁ ሳይፈርስ ነው የምትገባው። ይገባል የተባልከው በዚህ ደጅ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነበር። ሚልኪያስ ከግንቡ ሥር በሚወጣው ውኃ ተጣጥቦ፣ የታጠበ ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ። ደወል ተደወለ። የኔታ ከደፉ ወዲያ ቆመው ይጠብቁታል። ምእመናን ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ አለፉ። እርሱም ተከተለ፤ እግሩንም አነሣ፤ ከዚያ ቀጥ አለ።

«ምን ሆንህ?»

«ተረኛ የለኝም።»

«የምን ተረኛ?»

«ደጁን ይጠብቅ ተብያለሁ። እኔ ስገባ ማን ይጠብቀዋል? ወታደር ተረኛው ሳይመጣ ከቦታው አይነሣም።»

የኔታ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ደጁ እኮ ነገ ይፈርሳል።»

«ነገ ነው፣ የኔታ። ዛሬ ቆሟል።»

በሕይወቱ ያፈረሰው ትእዛዝ አልነበረም። አሁንም እግሩ እንዲያልፍ ይፈልጋል፤ እግሩ ግን አይታዘዘውም። የያዘው ጥሙ አልነበረም፤ ታማኝነቱ ነበር።

ፍቅርተ ከመንገዱ ማዶ ጧፏን እየደረደረች ሁሉንም ሰምታለች። ሃያ ዓመት ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ ስለ ምን እንደማይገባ ጠይቃው አታውቅም።

«አያ ሚልኪያስ፣ ገብተው ስንት ሰዓት ይቆያሉ?»

«አላውቅም፣ እመት ፍቅርተ። ገብቼ አላውቅም።»

ሴትዮዋ ቅርጫቷን አነሣችና መንገዱን ተሻግራ መጥታ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። «ይሂዱ። እኔ አለሁ። እንዲያውም ለጧፌ ይህ ቦታ ይሻላል።»

ሚልኪያስ በትሩን በሁለት እጁ አስረከባት። «ከብት እንዳይገባ። ውሻም እንዳይገባ። አዛውንት ሲመጣ ክንድዎን ይስጡ። ነገረኛ ቢመጣ በለሆሳስ ይምከሩት።»

«እኔ በለሆሳስ አላውቅም። ብቻ ይግቡ።»

ራሱን ዝቅ አድርጎ ገባ።

ነጎድጓድ አልተሰማም፤ ምድርም አልተናወጠችም። ከደፉ ወዲያ ያለው ሣር ከደፉ ወዲህ እንዳለው ሣር እርጥብ ነበር። ጥሙ እንደ ውሻ ተከትሎት እስከ ደፉ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ደፉን ግን አላለፈም። የኔታ ክንዱን ይዘው ወደ ጸበሉ ምንጭ ወሰዱት። ሦስት መቶ ዓመት የጠጣው ያው ውኃ ነው፤ ከሚፈልቅበት ቦታ ግን ቀድቶ አያውቅም ነበር። በእፍኙ ጠጣ። ደግሞም ጠጣ። ሦስተኛውን እፍኝ ወደ አፉ ካደረሰ በኋላ አየውና አፈሰሰው፤ ረክቶ ነበር። ከዚያ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ኪዳን አደረሰ። ከውጭ የፍቅርተ ድምፅ ይሰማው ነበር፤ አንዱን ሰው «በሬህን መልስ ብያለሁ፣ ይሄ በረት ነው እንዴ?» እያለች ትመክረው ነበር።

ሐሙስ ደጁ ፈረሰ። ሚልኪያስ ከሠራተኞቹ ጋር ድንጋይ ሲያወርድ አንዱ ሹል ድንጋይ መዳፉን ሰነጠቀው። ደማ። ሥራውን ትቶ እጁን ትኩር ብሎ ያይ ጀመር። ደሙ ቀይ ነበር፤ ሞቃት ነበር፤ የራሱ ነበር። አላስጎመጀውም።

«ይታጠቡት አያ» አለው እንዳልካቸው። «ያምዎታል?»

«ያማል» አለ ሚልኪያስ። ፊቱ ግን ያመመው ሰው ፊት አልነበረም።

በበዓሉ ቀን ክፍት በሆነው ቦታ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ገባ። ሚልኪያስም ከሕዝቡ ጋር ገብቶ አስቀደሰ፤ ሥጋ ወደሙን ተቀበለ። ደም ያጠፋውን ሰው ደም አዳነው።

ከበዓሉ በኋላ በሳምንቱ፣ ፍቅርተ በቆርቆሮዋ የዘበኛ ቤት ደጃፍ ጧፏን ስትደረድር፣ ሚልኪያስ ከወይራው ሥር አስነጠሰ።

«ይማርዎ።»

ደግሞ አስነጠሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አፍንጫው ፈሰሰ። «ይህ ምንድን ነው?» አላት።

«ጉንፋን ነዋ። ጉንፋን አያውቁም?»

«አውቅ ነበር፤ ረስቼው ነው።»

«ጉንፋን ይዞት እንዲህ ደስ የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም» አለችና ቀረብ ብላ አየችው። «ይኸው ደግሞ ሽበት አወጡ። ከጆሮዎ በላይ። ትናንት አልነበረችም።»

ሚልኪያስ ጣቱን ሰድዶ ሽበቲቱን ዳሰሳት፤ እንዳትወልቅበትም ተጠንቅቆ እጁን መለሰ። የኔታ በበትራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። እርሱም መጽሐፉን ከጉልበቱ አነሣ። ከወይራው ሥር ከተደረደሩት ተማሪዎች ሁሉ ኋላ የተቀመጠ፣ ንባብን ከ'ሀ' የጀመረ ተማሪ ነው አሁን። ከሚጠራጠርበት ቃል ሲደርስ ጣቱን ከፊደሉ ላይ አኑሮ ይቆማል፤ ልጆቹ ይስቃሉ፤ እርሱ አያፍርም።

«የኔታ» አለ በጉንፋን ድምፁ፣ «ይህ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»